በአባቴ ኩታ የገነዝኩት መንጋጋ

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ ፌስታሌን ታቅፌ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ሽበታም ሰውዬ ማዶ ቆሞ ያየኛል። የማላውቀው ሰው ሲያየኝ ቦርሳዬን ጠበቅ ማድረግ ልማዴ ነው። "እትዬ አየለች አይደሉም?" ሲለኝ ግን በድምፁ አወቅኩት። መምህር አዳነ ነው፤ ምዕራብ ዓባያ ሳለን የልጄ የመስከረም የባዮሎጂ አስተማሪ። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ፀጉሩ ጥቁር፣ አንገቱ ቀጭን፣ ሸሚዙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያው አንድ ሰማያዊ ነበር። አሁን መነጽር አድርጓል፤ ሆድም አውጥቷል። "ይምጡ፣ ጁስ ልጋብዝዎት" ብሎ ከመናኸሪያው ጎን ካለችው ጁስ ቤት አስገባኝና አቮካዶና ማንጎ አንድ ላይ አዘዘ። ብርጭቆው በምን ውሃ እንደታጠበ እያሰብኩ ቶሎ አልጠጣሁም። እሱ ግን ግማሹን ጠጥቶ "ያ መንጋጋ ትዝ ይልዎታል?" አለና ሳቀ። ለእሱ የሚያስቅ ጨዋታ ሆኖለታል። እኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሳቅኩበትም።

ያን ጊዜ ምዕራብ ዓባያ በአርባ ምንጭ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሙዝ በኪሎ ብር ከምናምን እንሸጥ ነበር። ሊጭኑ የሚመጡት አይሱዙዎች ካሴታቸውን ከፍ አድርገው ስለሚከፍቱ አዲስ ዘፈን ወደ እኛ የሚደርሰው ከሙዝ ነጋዴ ጋር ነው፤ ሲጭኑ ሰምተን፣ ሲሄዱ ግማሹን ረስተን፣ የቀረውን እያንጎራጎርን እንሰነብታለን። ሞባይል ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እሱም ቢሆን ኔትወርክ ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይዞራል። ሴቶች ልጆች ጅንስ ላይ ቀሚስ መደረብ የጀመሩበት ጊዜ ነው። መስከረም ግን በዓመት አንድ ቀሚስ ነበራት፤ ከሲቀላ ገበያ ሁለት ቁጥር አሳልፌ የምገዛላት፣ እንድታድግበት ብዬ። በዚያ ሰፊ ቀሚስና በኮንጎ ጫማ ስትሄድ ከኋላ ሳያት ትንሽ ባልቴት ትመስለኝ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ሳልፍ የድሮው ቤታችን የነበረበት ቦታ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ ዘፈኑም ከየሱቁ በር ይጮሃል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

እኔ የተወለድኩት ላይ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እኔን ለባል ሲሰጠኝ ለራሱ አስቦ የሠራትን ሰፊ ኩታ፣ ጥለቷ ቀይና ቢጫ፣ አብሮ ሰጠኝ። ባሌ በወባ ሲሞትብኝ በጥድፊያ በአቡጀዲ ነው የተገነዘው፤ ኩታዋን ሳልሰጠው ቀረሁ ብዬ ብዙ ዘመን ቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ግንዝ ትሁን ብዬ ሳጥኔ ታች አስቀመጥኳት። ከባሌ ሞት ወዲህ ሌላም ነገር ሆነብኝ። የማልፈራው ነገር ጠፋ። ውሃ ሁለቴ አፈላለሁ፤ ገና ሳይመሽ አጎበሩን እዘረጋለሁ። ዓባያ ሐይቅ ዳር አዞ አለ፤ መንገዱ ላይ አይሱዙ አለ፤ ሙዙ ውስጥ እባብ አለ። አንዲት ልጅ ነበረችኝና ዓይኔን ከእሷ ላይ አንስቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ይህችው ልጅ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ በውስጡ ነጫጭ ነገር ይዛ መጣች። ስትዘረግፈው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። እኔ ወዲያው እጇን ያዝኩ።

"ሐይቁ ዳር ሄደሻል!"

"አልሄድኩም እማ። ከላይ ነው፣ ከቦረቦሩ።"

"የሐይቅ ቀንድ አውጣ ዳገት ላይ ምን ይሠራል?"

"ሐይቁ ድሮ እዚያ ድረስ ነበር።"

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"እራሱ ቀንድ አውጣው" አለችና ሳቀች። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

ቦረቦሩ ከእርሻችን በላይ ጎርፍ የቆፈረው ገደል ነው። በየክረምቱ ይሰፋል፤ የሰው መሬትም ይዞ ይወርዳል። ለእኛ ጠላታችን ነበር። መምህር አዳነ ግን ተማሪዎቹን እዚያ እያወረደ ግድግዳውን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ያስተምርበት ነበር። መስከረም እየመጣች ትነግረኛለች፦ ታች ያለው አፈር ቀድሞ የተኛ ነው፣ ላይ ያለው ኋላ የመጣ ነው። ይሄ ቀንድ አውጣ ያለበት አሸዋ ሐይቁ ከፍ ያለበት ዘመን ነው። ይሄ እንደ ዱቄት የነጣው ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ነው፤ አመዱ ሰዓት ማለት ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ከሱ በኋላ፣ ከሱ በታች ያለው ከሱ በፊት። ደብተሯ ላይ መስመር በመስመር ሥላዋለች። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ እሷ ስትናገር እሰማለሁ፣ ሐሳቤ ግን ገደሉ ይናድባታል የሚለው ላይ ነበር።

ወዲያው በዚያው ክረምት መውጫ መንጋጋውን አገኘች። ጎርፍ ከግድግዳው ፈንቅሎ ከታች ጥሎት ነበር፤ እንደ ድንጋይ የከበደ፣ ግማሽ አገጭ ከነጥርሱ። ከግድግዳው ላይም ከአመዱ በላይም ከአመዱ በታችም ሌላ አጥንት ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። መምህሩ "ከግድግዳው ምንም እንዳትነኩ" ብሎ እሾህ አጠረበትና አዲስ አበባ የጥንት አጥንት ለሚያጠኑ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ። የወደቀውን መንጋጋ ግን ጎርፍ እንዳይወስደው መስከረም ይዛው መጣች። እየጎተተች ወስዳ ቦታውንም አሳየችኝ። "ሰዎቹ ከወደዱት በየዓመቱ እዚህ ይሰፍራሉ። እኔንም ያሠሩኛል፤ አዲስ አበባ አጥንት የሚቀመጥበት ቤት ወስደው ያሳዩኛል" አለችኝ። ዓይኗ እንደዚያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። መንጋጋውን በፌስታል አድርጋ አልጋዋ ሥር ከተተችው።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ያዛት። ወባ ነው። አርባ ምንጭ እህቴ ዘንድ ወስጄ ሐኪም ቤት አስገባኋትና እህቴን አጠገቧ ትቼ ልብስ ልይዝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ጎረቤቴ ጋሼ ዳና ከአጥሩ ማዶ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ስለ አጥንቱም አነሳሁለት። ሽማግሌው በትሩን ጣለ።

"የሰው አጥንት አልጋ ሥር አስቀምጠሽ ልጅሽ እንዴት ትድናለች? ጎሜ ነው እኮ!"

ጎሜ የምንለው የተከለከለ ነገር ሲጣስ በቤተሰብ ላይ የሚመጣውን ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ በዚህ ብዙም አላምንም እላለሁ፤ ልጅ ስትታመም ግን የማይታመን ነገር የለም። አጥንቱን አወጣሁት። ትልቅ ነው፤ ግን የጥንት ሰው ግዙፍ ነበር ሲባል ሰምተናል። ጥርሱ ለሰው ረዘመ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የኔስ ጥርስ ምን እንደሚመስል ማን ያውቃል? "ግማሹን ገደል ላይ፣ ግማሹን ቤት አድርጋችሁ ይሄ ሰው እንዴት ይረፍ?" አለ ጋሼ ዳና። ይሄ ልቤን ነካኝ። የባሌ ነገር መጣብኝ መሰለኝ።

ዶማና ጆንያ ይዘን ወጣን። እሾሁን አነሳን። እኔ ሥራ ስሠራ አጉድዬ አላውቅም። ከላይም ከታችም፣ ከአመዱ ወዲያም ወዲህም፣ የጣት ጥፍር የምታክለዋን ሳትቀር ለቀምኩ። ጋሼ ዳና "በቃ አየለች፣ ግድግዳውን ጨረስሽው" እስኪለኝ ድረስ ቆፈርኩ። ቤት አምጥቼ አንድ ላይ አድርጌ በልብስ ሳሙናና በብሩሽ አጠብኩት። የመጀመሪያው ውሃ ቀይ ሆነ፣ ሁለተኛው ነጣ፣ ሦስተኛው ጠራ። ከዚያ ሳጥኔን ከፈትኩና የአባቴን ኩታ አወጣሁ።

ቄሱን ብጠይቅ "ጥምቀቱን ማን ይመሰክርለታል?" ብለው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም አሉ። ተቀየምኳቸው። በእርሻችን ዳር ቀበርነው። የእድር ሰዎች ሳይቀሩ መጡ፤ ንፍሮ ቀቀልኩ። ጋሼ ዳና ቆሞ "ማን እንደሆንክ አናውቅም። ዘመድ ከሌለህ ዘመድህ እኛ ነን" ሲል ሁለት ሦስት ሴቶች አለቀሱ። ያን ዕለት ከባሌ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ዐረፈ። በማግስቱ የመስከረም ትኩሳት ወረደ ተባለ። ታዲያ ምን ልበል? ትክክል ሠራሁ አልኩ።

ድና መጥታ መጀመሪያ ያየችው አልጋዋ ሥር ነው።

"እማ፣ አጥንቱስ?"

"ዐርፏል" አልኳት።

አልገባትም። ስነግራት ወደ ቦረቦሩ ሮጠች፤ ገና ከበሽታ የተነሳች ልጅ ናት፣ ነጠላ ይዤ ተከተልኳት። እሾሁ ተነስቶ፣ ግድግዳው ተልጦ አገኘችው። "ምን አደረግሽ?" አለችኝ። "አንዲት ስባሪ አላስቀረሁም" አልኳት። ልትደሰት የሚገባት መስሎኝ ነበር እኮ። ቁጭ ብላ አፈሩን በእጇ ትበትን ጀመር።

ሰዎቹ ከወር በኋላ መጡ። አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች የአዲስ አበባ ሴት ምሁርና ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ሴትየዋ ተንበርክካ የአባቴን ኩታ ገለጠች። ፈረንጁ አንድ ነገር አላት። ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እንደያዘች አወቅኩ።

"እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ይሄ ከርከሮ ነው።"

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም። ጋሼ ዳና ራሱ፣ ያ ያስቆፈረኝ ሰው፣ "እግዚኦ! በእሪያ ፊት ነው የተናገርኩት? አየለች፣ የበላሁትን ንፍሮ ከሆዴ አውጪልኝ!" አለ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ከርከሮ! ሥጋውን እንኳ የማንነካውን አውሬ በአባቴ እጅ ሥራ ጠቅልዬ!

ሴትየዋ ግን ከሳቁ በኋላ ደግ ሆነችልኝ፤ ጥርሱን ይዛ አስረዳችኝ። የጥንት ከርከሮ ጥርሱ አጭርና ዝቅ ያለ ነበር፤ በጫካ ውስጥ ለስላሳ ነገር ስለሚበላ። ጫካው እየሳሳ ሣር ሲመጣ፣ ሣር ጥርስ ይፈጫል። ጥርሱ ቶሎ ያለቀበት ይራባል፤ ጥርሱ ትንሽ ረዘም፣ ከፍ ያለው ይቆያል፣ ይወልዳል። ልጁም እንደሱ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም ሳያየው በብዙ ሺህ ትውልድ ጥርሱ ይሄ ሆነ አለች። የከርከሮ ጥርስ በቅደም ተከተል የተደረደረለት ሰው አገሩ መቼ ጫካ፣ መቼ ሜዳ እንደነበረ ያነባል። ሳልወድ ገባኝ። እዚያ ሙዙ ሥር ቆሜ፣ ሙዝ ያልነበረበት፣ ሐይቁ እግራችን ሥር የነበረበት፣ ያ አውሬ ሣር የሚግጥበት ሜዳ ታየኝ።

"አሁን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ" አለች። "መንጋጋው የወጣው ከአመዱ በላይ ነው ወይስ ከአመዱ በታች?"

መስከረም ደብተሯን አመጣች። ስዕሉ አጥንት ከላይም ከታችም እንደነበረ ያሳያል፤ የወደቀው መንጋጋ ከየትኛው እንደተላቀቀ ግን ያኔ ገና አልታወቀም። ሴትየዋ ወደ ቦረቦሩ ወጥታ ግድግዳውን አየች፤ ግድግዳ የለም። የተሰበሩትን ጫፎች ልታገጣጥም ሞከረች፤ ዶማዬ ደቁሷቸዋል። "ላዩ ላይ የተጣበቀ አሸዋ እንኳ ቢኖር..." አለች።

"ምንም ቆሻሻ የለበትም" አልኳት። "ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም በዚህ። መስከረም ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። አጥንቱን ከአባቴ ኩታ አወጡት፤ እያንዳንዱን በሶፍት ጠቀለሉት። ኩታዬን ሴትየዋ አራግፋ፣ አጣጥፋ ሰጠችኝና በዚያው ዕለት ሄዱ። ተመልሶ የሰፈረም የለም፤ አዲስ አበባ የተወሰደችም ልጅ የለችም። በቀጣዩ ጎርፍ የቀረው ግድግዳ ተናደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈር ያውቃል። ገበያ ስሄድ "እትዬ፣ የዘመድሽ ተዝካር መቼ ነው?" ይሉኛል። ትምህርት ቤት ልጄን "የከርከሮ እህት" አሏት። ይሄንን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። መስከረም አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። ምግቧን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ "እሺ" አለች። ደብተሯን ግን ትምህርት ቤት ማሳደር ጀመረች። ምን ተማርሽ ስላት "ያው ትምህርት" ትለኛለች። እኔም አመረርኩ፤ ዛሬም አላለፈልኝም። መምህር አዳነ ስንት ጊዜ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ "ደህና ዋሉ" ብሎኝ ሄዷል። አንድ ቀን ጎራ ብሎ "እትዬ አየለች፣ ነገሩ ያለው አጥንቱ ላይ ብቻ አይደለም፣ የተኛበት አፈር ላይ ነው" ቢለኝ ምን ነበረበት? ለልጆቹ ተነገረ፣ ለአዲስ አበባ ተጻፈ፤ ዶማ ያለኝ ግን እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ቅዳሜ ዕለት ጁስ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው መምህሩ "ቢሆንም ሁለተኛው ካሰን" ያለኝ።

"የቱ ሁለተኛ?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። የማውቅ መስሎት ነበር። መስከረም አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ያ ሁሉ ሰው ከረሳው በኋላ፣ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ቦረቦሩን ብቻዋን ስትዞር ቆይታ ሌላ መንጋጋ አገኘች። አልነካችውም። ሰዎቹ መጡ፤ አራት ቀን ድንኳን ተክለው በብሩሽ አወጡት። ከአመዱ በታች ነው፤ ጥርሱም አጠር ያለ ነው። ዛሬም አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ከነስሟ ተቀምጧል። አጠገቡ ያ የኔ አለ፤ ረጅም ጥርስ ያለው። ከአመዱ በላይ መሆኑ ቢረጋገጥ ሁለቱ አንድ ላይ ሣሩ እንዴት እንደመጣ ይናገሩ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን "ቦታው ያልታወቀ" ተብሎ ተጽፎበታል አለኝ።

ያን አራት ቀን አስታውሼዋለሁ። አርባ ምንጭ የማጠናከሪያ ትምህርት አለ ብላኝ፣ እንዳትራብ ዳቦ ጋግሬ፣ አጎበር አሲዤ፣ የሚኒባሱን ሾፌር "አደራ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" ብዬ የላክኋት ነው። ለካ ከቤቴ በላይ፣ ብጣራ በምትሰማበት ቦታ ነበረች።

አሁን መስከረም ሐዋሳ ናት፤ የጉድጓድ ውሃ ለሚቆፍሩ ሰዎች የመሬቱን ነገር ታጠናለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልልኛለች። የግፊት መድኃኒቴን መዋጤን፣ በር መቆለፌን ትጠይቀኛለች። በዚያ ቅዳሜ ማግስት ስትደውል ሳልነግራት ማለፍ አልቻልኩም።

"መምህር አዳነን አገኘሁት" አልኳት። "ሁለተኛውን ነገረኝ።"

"እማ፣ ድሮ ነው እኮ" አለች።

"ለምን ደበቅሽኝ? እናቴን ሰው ይስቅባታል ብለሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እከለክልሻለሁ ብለሽ?"

"ብትከለክይኝማ አልሰማሽም ነበር።"

"ታዲያ?"

"ልትጠነቀቂለት ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ" አለችኝ።

በድምፅዋ ቁጣ የለም። እንደማንኛውም ነገር፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የተናገረችው።  ልጅ ባሳደግኩበት ዘመን ሁሉ ከአዞው፣ ከወባው፣ ከአይሱዙው ስሸሽጋት፣ እሷ ደግሞ ደህና ነገር ባገኘች ቁጥር ከእኔ ትሸሽግ ኖሯል።

"ደግ አደረግሽ" አልኳት። እውነቴን ነው።